የእትዬ ዲንቄ አሥራ ሦስት ቮልት

«መምህር፣ እትዬ ዲንቄ ወደ ጌታ ሄዱ» አለችኝ ሃዊ በስልክ። አሁን በማስተምርበት አቦምሳ፣ ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ቆሜ ነበር፤ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የማሳየው ባትሪና ሽቦ እጄ ላይ ነው። አንድ የሚያጽናና ነገር ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው «በስንት ሰዓት?» የሚል የማይረባ ጥያቄ ሆነ። እሷም እንደ ቁም ነገር ቆጥራው መለሰችልኝና ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ አሰላ ገባሁ።

ቀብሩ ላይ ሰዉ የሚያለቅሰው የተጠገነለትን ዕቃ እየጠራ ነበር። አንዷ ሬዲዮዋን፣ አንዱ የውሃ ፓምፑን፣ አንድ ባለጋሪ ደግሞ ጋሪው ላይ የሚያስጮኸውን ቴፕ ሳይቀር አነሳ። ነገሩ ሳቅ ሳቅ ይል ነበር፤ እሳቸውም ቢሰሙት ከሁላችንም በላይ ይስቁ ነበር። እኔ ግን የማነሳው የተጠገነ ዕቃ አልነበረኝም። የእኔ ያቃጠልኩት ነው። እዚያ ዝም ያልኩትን አሁን ልናገር።

ከደብረ ማርቆስ መጥቼ አሰላ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ስመደብ ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። ብርዱን ሳልለምደው የላፕቶፔ ቻርጀር ሞተ። የጠየቅኳቸው ሁሉ «ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ኮንቴነር ሂድ» አሉኝ። ስደርስ ወፍራም አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሴት ውስጥ ተቀምጠዋል። ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አድርገዋል። ባለሙያው እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ።

«ጠጋኙን።»

«ጠጋኙማ ቁጭ ብሏል። ቀሚስ ስለለበሰ ነው ያላየኸው።»

አፍሬ ቻርጀሩን ዘረጋሁላቸው። ከፍተው አሸተቱትና፣ «መብራት ሲመጣ ተሰክቶ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ነገር ሳይሉኝ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የዋለው የሰፈሩ መብራት ድንገት መጣ። ከየሱቁ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ሰው ሁሉ ወደየማብሪያው ሮጠ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው መዝሙር ጀመሩ፤ ከአዝማቹ እስከ መጨረሻው ስንኝ፣ ምንም ሳያስቀሩ። ለመጣው መብራት አምላካቸውን እያመሰገኑ ነው ብዬ ቆቤን አወለቅሁ። ሲጨርሱ ቴስተራቸውን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ከተቱ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡና ዋናውን ማብሪያ አበሩ።

«ቆብህን አድርግ፤ ጸሎት አይደለም» አሉኝ። «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ ሰክሮ ነው የሚገባው። አንድ መዝሙር እስኪያልቅ ይበርድለታል።»

ይህ ሕጋቸው ነበር። መብራት ሲመጣ ማንም ይሁን ማን፣ ቢቸኩል ባይቸኩል፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይቆማል። ሬዲዮ የሚያስጠግኑ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ እትዬ ዲንቄ ሲዘምሩ እሳቸው ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ። «እኔ በመዝሙሬ፣ ሐጂ በሙስባሃቸው፤ የሚበርደው ቮልት ግን አንድ ነው» ይሉ ነበር እትዬ ዲንቄ። ሙያውን የጀመሩትም በዚሁ ጣጣ ነው። ኦጎልቾ ሳሉ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን «መጣ!» ሲባል እየተሻሙ ማጉያውን አቃጠሉት። የሚጠግን ወንድ ቢፈለግ ጠፋ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ወጣቷ ዲንቄ «እስቲ ልየው» አለች። እስቲ ልየው ያሉት ነገር ዕድሜ ልካቸውን ይዟቸው ቀረ።

ቻርጀሬ ዳነ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያች ኮንቴነር የማልጠፋ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ ላስተምራቸው የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። ስሌት እየጻፍኩ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኝና፣ «መምህር፣ ወረቀት ላይ ቮልት ጨዋ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ስሌቴን ተቀብለው ያስቀምጡታል፤ በኋላ ሲጠቀሙበትም አይቻለሁ፤ ግን አይነግሩኝም።

ከዕቃዎቻቸው ሁሉ የሚወዱት «ጸሐፊው» የሚሉትን ነበር። ዛሬ ዕቃው ሁሉ ውስጡ አእምሮ አለው፤ አእምሮው ደግሞ ጥፍር የምታክል ቺፕ ናት። መብራት ሰክሮ ሲመጣ ቺፗን ይገድላታል፤ አዲስ ቺፕ ቢተካ እንኳ ባዶ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሊጻፍበት ይገባል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ተሠርቶ ይሸጣል። እትዬ ዲንቄ ግን በገዛ እጃቸው ሠሩት፤ አበባ የተሳለበት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ። ኃይሉን የሚያገኘው ከተጣለ የፕሪንተር ቻርጀር ሲሆን ሃያ አራት ቮልት ይሰጣል። ከዚያ ወደ ቺፑ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉ። «ትንሹ» አምስት ቮልት ነው፤ ቺፑ የሚኖርበት። «ትልቁ» ቺፑ እንዲጻፍበት የሚያስከፍተው ነው፤ ለአብዛኛው አሥራ ሦስት ቮልት፣ ለአንዳንድ ያረጀ ቺፕ ደግሞ ሃያ አንድ። የትልቁን መጠን የምትወስነው ምንም የማትመስል አንዲት ትንሽ ብሎን ናት፤ በካቻቢቴ ትዞራለች።

መጀመሪያ ሲሠሩት ሶኬቱ ላይ ኃይል ሁልጊዜ ነበር። ቺፑን በሰኩት ቁጥር አንዱ እግሩ ቀድሞ ይነካና ቺፑ ሳይጻፍ ይሞታል። «ሰው ሳይቀመጥ ይጎረሳል እንዴ?» ብለው ሁለት ትራንዚስተር ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ ሲያዝ ብቻ ኃይሉ ይገባል፣ ሲጨርስም ይወጣል። ኃይል ሲኖር የምትበራ ቀይ መብራት አደረጉበት። እሱም አልበቃም። ቀዩ ከጠፋ በኋላ ቴስተሩን ቢከቱ ሶኬቱ ላይ ቮልት አለ፤ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ለሁለት ሳምንት ሲጨነቁበት ቆይተው አንድ ቅዳሜ እየሳቁ ተቀበሉኝ። «ይሄ የእኛ አገር እንግዳ ነው» አሉኝ። «ደህና ዋሉ ብሎ ተነስቶ በር ላይ ቆሞ ሌላ ሰዓት የሚያወራ።» አንዲት ሬዚስተር ጨምረው ቀሪው ወዲያው እንዲፈስ አደረጉት። ክፍል ውስጥ ይህን ነገር ሳስተምር እስከ ዛሬ በር ላይ በቆመው እንግዳ ነው የማስረዳው፤ ያልገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ በላይ የማይጣስ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። ቺፕ ከመግባቱ በፊት ላፕቶፑ ኃይል እንዲያስገባ ታዞ ባዶው ሶኬት ይለካል፣ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔም ይህን ሕግ አልጣስኩም። ያቃጠልኩት ሕጉን አክብሬ ነው፤ የሚገርመውም እሱ ነው።

ሃዊን ያወቅኳት ያን ቀን ነው። ስለ እንስሳት እርባታ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ስላጣች ያላትን ሁሉ አንድ ያገለገለ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ላይ ያፈሰሰች ልጅ ናት። ዝናባማ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቺፑ የተበየደበትን የማሽኑን ሰሌዳ በፌስታል ጠቅልላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። ማሽኑ ውስጥ ሦስት መቶ እንቁላል አሥረኛ ቀኑን ይዟል። ንጋት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ተሰክቶ ነበር፤ ቺፑ ሞተ፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር የለም። እናቷ እንቁላሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ የፈላ ውሃ በጀሪካን እየቀያየሩ ይጠብቃሉ። በአሰላ ብርድ ጀሪካን ስንት ሰዓት ይሞቃል?

«እስከ ማታ ካልሞቁ አለቀልኝ፣ እትዬ» አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ስልኩን ሊያስጠግን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ሊያጽናናት ብሎ፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

«የኔ ካልሞቀ አይሄድም!» አለችው።

እትዬ ዲንቄ የማሽኑን ፕሮግራም ገና ሲገዛ ቀድተው አስቀምጠውት ነበር፤ እዚያ የገባ ቺፕ ሁሉ ቅጂው ሳይቀመጥ ከዚያ ቤት አይወጣም። መሳቢያቸው ውስጥ ደግሞ ባዶ ቺፕ አለ፤ ሁለት ብቻ። ሌላ ቢያስፈልግ አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ነገ ማለት ነው። «ሁለት አለን፤ የሚያስፈልገን አንድ ነው» ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሰሌዳውን ያዙ።

ያን ጊዜ ኦሮምኛ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ገበያ ላይ ድንች በኦሮምኛ ተከራክሬ ገዝቻለሁ፤ ራሴን እንደ አገሬው ቆጥሬያለሁ። እትዬ ዲንቄ ሰሌዳው ላይ አቀርቅረው የሞተውን ቺፕ ሲያነሱ ከሃዊ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ስለነበር፣ ለእኔም ቀና ሳይሉ በዚያው ቋንቋ ተናገሩኝ።

«መምህር፣ ኩዳ ሰዲቲ ዴቢሲ።»

ኩዳ ሰዲ አሥራ ሦስት ነው። ጫፉ ላይ ያለችው «ቲ» ደግሞ በአማርኛ «ወደ» እንደምንለው ናት፤ ወደ አሥራ ሦስት መልሰው ማለታቸው ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ አሮጌ ቺፕ ስለጻፉ ትልቁ ሃያ አንድ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት «ኩዳ ሰዴት» ነው። አሥራ ስምንት። ትንሽ ጠርጥሬያለሁ፤ አልዋሽም። አሥራ ስምንት የሚፈልግ ቺፕ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን «ምን አሉኝ?» ብል፣ ያውም በሃዊ ፊት፣ የስምንት ወር ኦሮምኛዬ አፈር ሊበላ ሆነ። ካቻቢቴውን አንስቼ ብሎኗን አዞርኩ። ባዶውን ሶኬት ለካሁ። ሕጉ ጮክ ብለህ አንብብ ስለሚል አነበብኩ፤ ለመኩራራትም በኦሮምኛ አነበብኩ።

«ኩዳ ሰዴት!»

«ጋሪዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ቺፑን ሰካሁት፣ ላፕቶፑን አዘዝኩት፣ ቀዩ በራ። ላፕቶፑ ቺፑን ማንበብ አልቻልኩም አለ። እንደገና አዘዝኩት፤ እንደገና እምቢ አለ። ቺፑን ነካሁት፤ ጣቴን ፈጀኝ። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል። ያን ቀን ጭሱም አልወጣ፣ ደፋሩም መውጫ አጣ።

እትዬ ዲንቄ ተነስተው መጡ። ቺፑን አወጡና ሶኬቱን ራሳቸው ለኩ። ቁጥሩን ደጋግመው አዩት።

«መምህር፣ ስንት አልኩህ?»

«ኩዳ ሰዴት።»

«በአማርኛ በለው።»

«አሥራ ስምንት።»

ከሁላችንም ቀድማ የገባት ሃዊ ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ታውቃለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዝናቡ የኮንቴነሩን ጣሪያ ይደበድባል። እኔ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በኦሮምኛም በአማርኛም አመሰግናት ነበር።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁና በሹራባቸው ጠረጉ።

«ይቺን ቺፕ የገደልናት ሁለታችን ነን» አሉ። «አንተ ጠርጥረህ አልጠየቅህም። እኔ ደግሞ ሰዴት ስትል ሰምቼሃለሁ። 'ይሄ ጎጃሜ ምላሱ ገና አልተፈታም፣ ሰዲ ሊል ፈልጎ ነው' ብዬ አለፍኩህ። ላርምህ ሲገባኝ አዘንኩልህ። ለምላስህ ያዘንኩት ነገር ሄዶ ቺፑ ላይ አረፈ።»

አንድ ቺፕ ቀረ። ለሳቸው ቦታውን ልለቅ ተነሳሁ፤ እንዲያውም ከኮንቴነሩ ጨርሼ ልወጣ ነበር።

«ወዴት ነው?» አሉኝ። ካቻቢቴውን ይዘው፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርገው ዘርግተውልኛል።

ሃዊ ደነገጠች። «እትዬ፣ እባክዎ! አንድ ናት እኮ የቀረችው። እርስዎ ያድርጉት።»

«አውቃለሁ፣ ሃዊዬ። ነይ፣ አንቺም እዚህ ቁሚ።»

«እሷንም እገድላታለሁ» አልኳቸው።

«አትገድላትም። ሱታ» አሉኝ። ሱታ ማለት ቀስ ብለህ ነው፤ ያቺን እንኳ አልሳትኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዛሬም በጣቶቼ ውስጥ አለ። ብሎኗን ነካሁ። አሥራ ሰባት። አሥራ አምስት። አሥራ አራት። አብዝቼ አዞርኩና አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ሆነ፤ መለስኩት። አሥራ ሦስት ላይ ቆመ። እጄን አንስቼ ቁጥሩ እንዳይነቃነቅ ጠበቅሁ፤ አልተነቃነቀም።

«አሥራ ሦስት» አልኩ።

«በኦሮምኛ።»

«ኩዳ ሰዲ።»

«መጨረሻውን አትጎትተው። ሰዲ!»

«ሰዲ።»

«አሁን ሃዊ ታንብብ። እንቁላሉ የሷ ነው።»

ሃዊ ጎንበስ ብላ በሁለቱም ቋንቋ አነበበች። ትንሹን ለካን፤ አምስት። ቀዩ ጠፋ፤ ቀሪው ፈስሶ ቴስተሩ ዜሮ እስኪል ጠበቅን። ቺፑን ሰካሁት። ላፕቶፑን ሳዝ ዓይኔን ልጨፍን አሰብኩ፤ እትዬ ዲንቄ አጠገቤ ስለቆሙ አፈርኩ። ቀዩ በራ። ቁጥሩ ከዜሮ ወደ መቶ መሄድ ጀመረ፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሄደ ቁጥር አይቼ አላውቅም። መቶ ሲሞላ ቀዩ ጠፋ፤ ላፕቶፑም የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ትክክል ነው አለ። ሃዊ ልትዘል ስትል እትዬ ዲንቄ ትከሻዋን ያዟት።

«ገና ነው። ሲራብም ሲጠግብም ይጠየቃል።»

ቺፕ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት የሚያደርጉት የመጨረሻ ፍተሻ ይህ ነበር። ትንሹን ከአምስት ወደ አራት ተኩል አወረዱና ቺፑን አስነበቡት፤ ከዚያ ወደ አምስት ተኩል ሰቅለው እንደገና አስነበቡት። የከተማው መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ቃሉን የሚለውጥ ቺፕ ከእጃቸው አይወጣም። ቺፑ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ተናገረ። «ጋሪዳ» አሉ፤ አሁን ግን ቁጥሩን በዓይናቸው አይተው ነው። ቺፑን ሰሌዳው ላይ በየዱላትና ሃዊ ሰሌዳውን ጃኬቷ ውስጥ ከታ በዝናቡ ወደ ባጃጅ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ ደውላ ማሽኑ እየሞቀ ነው አለችን። እትዬ ዲንቄ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና፣ «በል አሁን ከአንድ እስከ ሃያ ቁጠርልኝ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለምላሴ ማዘን ቀረ። እያንዳንዷን ቃል ያርሙኛል፤ ደንበኛ ፊት፣ ሐጂ ፊት፣ መንገድ ላይ። ሰዎች «ምነው እትዬ፣ ይግባባ የለ?» ሲሏቸው «መግባባትማ ስንግባባ ነው ያቃጠልነው» ይላሉ። ዛሬ አቦምሳ ሰው ከየት ነህ ሲለኝ አሰላ ስለው ያምነኛል። ይህን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእናቴ ቀጥሎ እንደሳቸው ያረመኝ ሰው የለም፣ እንደሳቸውም የወደድኩት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ሃዊ ጠራችን። ቤታቸው ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ገና ከግቢው በር ጩኸቱ ይሰማል። ሁሉም አልተፈለፈሉም፤ አብዛኞቹ ግን ወጥተው ክፍሉን ሞልተውታል፤ ቢጫ፣ እርጥብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ የማይቆጥሩ። የሃዊ እናት ጉንጬን ሳሙኝ። ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ሃዊ ነግራቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እትዬ ዲንቄ አንዷን ጫጩት ጣቱ በተቆረጠው ጓንታቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ያንገበገበኝን የጠየቅኳቸው ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ቺፕ ለምን ለእኔ ሰጡኝ? እርስዎ ቢያደርጉት አይሻልም ነበር?»

ጫጩቷን እያዩ መለሱልኝ።

«እኔ አሥራ ሦስትን ለምጄዋለሁ፣ የለመደ ሰው ደግሞ አያይም። ያን ቀን አሰላ ውስጥ አሥራ ሦስትን እንዳንተ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ታዲያ ለማን ልስጥ?»